ከኋለኛው ወንበር ስለሚቀመጡት ልጆቻችን

(ከዚህ በታች የቀረበው አንዲት ስደተኛ መምህርት ናይሮቢ ውስጥ በዌስትላንድስ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ያደረገችው ንግግር ነው። በካኩማና በዳዳብ ለሚገኙ አንባቢዎቻችንም ይጠቅማል ብለን ስላመንን ሙሉ ቃሉን አትመነዋል።)



ከሁሉ አስቀድሜ የዕለት ሥራችሁን ትታችሁ፣ የማታቱ ሒሳብ ከፍላችሁ፣ ከኢስሊም ከካንገሚም ከካዋንግዋሬም እዚህ ድረስ በመምጣታችሁ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አብዛኞቻችን ዌስትላንድስን የምናውቀው በወረቀት ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት በዚህ አካባቢ በመሆኑ፣ «ነገ ዌስትላንድስ ልሄድ ነው» ያለ ሰው ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ገና ሳይነጋ ይነሣል። ዛሬ ግን ስማችንን ከዝርዝር ውስጥ እየፈለገ የሚጠራን የለም። ስለዚህ ዘና ብለን እንነጋገር።

እዚህ ፊት የቆምኩት ከእናንተ የበለጠ ዐውቃለሁ ብዬ አይደለም። ትምህርቴ ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ከአገር የወጣሁትም የፈተና ውጤቴን እንኳ በእጄ ሳልቀበል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል በካኩማ ካምፕ አንደኛ ደረጃ አስተምሬአለሁ። ካምፕ ውስጥ የስደተኛ መምህር የሚያገኘው ገንዘብ ደመወዝ አይባልም፤ «ኢንሴንቲቭ» ነው የሚባለው። ልዩነቱን የተቀበለ ሰው ያውቀዋል። ናይሮቢ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የአገራችንን ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጪ አስጠናለሁ፤ ቋንቋው ለሚያስቸግራቸው እናቶችም ወደ ትምህርት ቤት አብሬ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ። ዛሬ የምናገረውም በዚህ ሁሉ ያየሁትን ነው። ካየሁትም ውስጥ በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

በ2012 ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። መዝገቤ ላይ 104 ልጆች ነበሩ። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ወንበር ያልደረሳቸው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ደቡብ ሱዳኑም፣ ሶማሌውም፣ ኮንጎውም፣ ቡሩንዲውም፣ የእኛም ልጆች በአንድ ላይ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከአያቱ ጋር የመጣ አንድ የአገራችን ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። ይህ ልጅ ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል። ስጠራው አይነሣም። ስጠይቀው አይመልስም። አንዳንዴ ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ዘግየት ብሎ ይስቃል። እኔም ልጁ እልኸኛ ነው፣ ንቆኛል ብዬ ተውኩት። «ተውኩት» ስል ምን ማለቴ እንደ ሆነ መምህር የሆነ ሰው ይገባዋል፤ 104 ልጆች ፊት የቆመ ሰው አንዱን ሲተው ማንም አያይበትም።

ልጆቹ «ቲቸር፣ እሱ እኮ ደንቆሮ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ስድብ መስሎኝ እቆጣቸዋለሁ። ለካስ እነሱ የሚነግሩኝ እውነቱን ነው። ቋንቋችን ጆሮው የማይሰማውንም፣ ትምህርት የማይገባውንም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» ብሎ ይጠራቸዋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ግን አልለየሁትም።

የለየልኝ ዝናብ ነው። ካኩማን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብዙ ጊዜ አይዘንብም፣ ሲዘንብ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ድንጋይ እንደሚወርድ ያህል ነው። አንድ ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ያለ ዝናብ መጣ። ብጮህ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ ዝም ብዬ ትምህርቱን ሁሉ፣ ምሳሌውንም፣ ትእዛዙንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከኋላ ግን ያ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣና ሰጠኝ። አምስቱንም ጥያቄ ሠርቷል፤ አራቱን አግኝቷል። ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ የጨረሰው እሱ ነበር። በዚያን ቀን ማንም ማንንም አይሰማም ነበርና፣ ትምህርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱም ለሌሎቹም እኩል ሆነ።

ማታ አያቱ ዘንድ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስጠይቃቸው አልካዱኝም። ልጁ በሕፃንነቱ ጆሮውን ታሞ ነበር፤ እስከዚያ ጊዜም መግል ይወጣዋል፤ ማታ ማታ ትራሱን ያረጥበዋል። «ታዲያ ምነው እማማ ሳይነግሩኝ?» ብላቸው «ብናገር ከትምህርት ቤት ታስወጡብኛላችሁ ብዬ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አልነበረም። ከኋላ አንሥቼ ደኅና በሚሰማው ጆሮው በኩል ከፊት አስቀመጥኩት። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ መናገር አቆምኩ። አጠገቡ ረጋ ያለች የቡሩንዲ ልጅ አስቀምጬ፣ ያልሰማውን በደብተሯ እንድታሳየው ነገርኳት። በካምፑ ውስጥ ለልዩ ፍላጎት ልጆች ወደሚሠሩ ሰዎችም ወሰድነውና ጆሮው ታከመ። መስማቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ነገር ግን በ2017 የስምንተኛ ክፍልን የኬንያ ፈተና ወስዶ ሁለተኛ ደረጃ ገባ። እኔ ግን ያቺን ስምንት ወር አልረሳትም። ከእሱ በፊትስ ስንቱን እንዲሁ ከኋላ ትቼ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ይህን ያነሣሁት እንድታዝኑልኝ አይደለም። አንድ ልጅ ወደ ኋላ እንዲቀር ሁለት ሰዎች ተባብረናል፤ እኔ ባለመጠየቄ፣ አያቱ በመፍራታቸው። ሁለታችንም ለልጁ ክፉ አላሰብንም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች መልእክተኞች ተሰብስበው፣ ማየትም ሆነ መስማት የተሳነው፣ እግሩ የማይራመድለት፣ ትምህርት ቶሎ የማይገባው ልጅ ሁሉ በሠፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ይማር፤ ልጁ ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለልጁ ይስተካከልለት የሚል ሐሳብ አጽድቀዋል። ኬንያም ከዚያ ቀደም ብላ በ1984 የእንዲህ ዓይነት ልጆችን ችግር እየመረመሩ ወደሚስማማቸው ትምህርት የሚመሩ ጣቢያዎችን በየአውራጃው መክፈት ጀምራለች። በ1986 ደግሞ የልዩ ትምህርት መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ተመሠረተ፤ ይህም እዚሁ ናይሮቢ ካሳራኒ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ልጆችንም ይመረምራል። ልጃችሁ ቴሌቪዥኑን ቀርቦ ካልሆነ የማያይ፣ ሲጠሩት የማይዞር፣ በአራት ዓመቱ ቃል የማያወጣ ከሆነ ጎረቤት አይስማብኝ ብላችሁ አትደብቁት። ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው የምትሉትን ጸበሉን አስጠምቁት፤ እኔም ልጄን አስጠምቃለሁ። ነገር ግን ምርመራውንም አታስቀሩ።

አሁን ወደ ናይሮቢ ልመለስ። እዚህ ልጆቻችንን ከኋላ የሚያስቀምጣቸው ብዙ ጊዜ ጆሮ ወይም ዓይን ሳይሆን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱንም የሚያበላሸው የእኛ የዘመን አቆጣጠር ነው።

በ2024 መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ልጃቸውን አራተኛ ክፍል ለማስገባት ወደ አንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ልጅቷ የተወለደችው ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ቤተ ሰቡ መጀመሪያ በተመዘገበበት ቦታ እናትየው እንደ አገራቸው ልማድ 12/2/2007 ብለው ነገሩ፤ ጸሐፊውም እንደ ሰማው ጻፈ። በኬንያ ቋንቋ ይህ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2007 ማለት ነው። ትክክለኛው ግን ኦክቶበር 22 ቀን 2014 ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የዘጠኝ ዓመት ሕፃን በወረቀት 17 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷታል! ትምህርት ቤቱም «ይህቺ ልጅ ከትንንሾች ጋር መቀመጥ አትችልም፤ የጎልማሶች ትምህርት ፈልጉላት» አለ። ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቁመቷ ከጠረጴዛው ብዙም አይበልጥም። እነሱ ግን የሚያዩት ወረቀቱን ነው።

ያን ተርም ቤት ዋለች። እናትየው የክርስትና ወረቀቷንና የክትባት ካርዷን ይዘው ልደቱን ለማስተካከል ተመላለሱ። በሁለተኛው ተርም መግቢያ ወደዚያው ትምህርት ቤት ደግመን ሄድን። በዚህ ጊዜ ያገኘነው ሌላ መምህርት ነው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ሳቂታ ሴት። ጉዳዩን ከነገርኳቸው በኋላ ልጅቷን ጠርተው «አፍሽን ክፈቺ» አሏት። የጎን ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ገና ብቅ እያለ ነበር። ሴትየዋ እስኪያለቅሱ ሳቁ። «የ17 ዓመት ኮረዳ የወተት ጥርስ ስትነቅል ያየሁት ዛሬ ነው» ብለው፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል በኃላፊነት አስገቧት። ወረቀቱ የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። ያ ትምህርት ቤት በጥርስ ባያምን ኖሮ ዓመቱ ያልፋት ነበር።

ሁለተኛው የወረቀት ጣጣ ስም ነው። በእኛ ዘንድ የቤተ ሰብ ስም የለም፤ ልጅ በአባቱ፣ እናትም በአባቷ ትጠራለች። እዚህ ግን እናትና ልጅ በስም ካልተገናኙ «እውነት እናቷ ነሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አትቆጡ። ሰውየው ሥርዓታችንን ስለማያውቅ እንጂ ሌባ ናችሁ ማለቱ አይደለም። በአጭሩ አስረዱትና ሁለታችሁም በአንድ ላይ የተመዘገባችሁበትን የስደተኛ ወረቀት አሳዩት። በየቦታው ስማችሁን አንድ ዓይነት አጻጻፍ አስጽፉ። አንዱ ጋ በአንድ «ኤስ»፣ ሌላው ጋ በሁለት «ኤስ» የተጻፈ ስም ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል።

ልጁ ከገባ በኋላስ? ብዙዎቻችን ልጁን አስመዝግበን፣ ዩኒፎርሙን ገዝተን፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን እንመለሳለን። በአገራችን እንዲህ ብናደርግ ቢያንስ መምህሩ የልጁን ልማድ ያውቃል። እዚህ ግን የኬንያው መምህርና የእኛ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፉ ልንገራችሁ።

አንዲት መምህርት ጠርታኝ «ይህቺ ልጅ የመተንፈስ ችግር አለባት ወይ?» አለችኝ። «እንዴት?» ብላት፣ ጥያቄ በተጠየቀች ቁጥር አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ ዝም እንደምትል ነገረችኝ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ልጅቷ እኮ «አዎ» ማለቷ ነው! እኛ ሳናስበው በቀን መቶ ጊዜ የምናደርገውን ይህን ነገር ኬንያዊው ወይ አስም ወይ ድንጋጤ አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ ልጆቻችሁን «ትምህርት ቤት ስትሆኑ በአፋችሁ አዎ በሉ» ብላችሁ ምከሩ። ለመምህሩም ንገሩት።

ጾምም እንዲሁ ነው። በናይሮቢ የሕዝብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከ2023 ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ልጆች 5 ሺሊንግ ብቻ ከፍለው ምሳ እንዲበሉ አድርጓል። አንድ ልጅ ረቡዕና ዓርብ ምሳውን አልበላ ሲል መምህሩ ቤት ውስጥ የተጣላ ሰው ያለ መሰለው። ልጁ ጾም መሆኑን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አልቻለም። ምሳው ደግሞ ሩዝና ባቄላ ነበር! ሥጋ አለበት ብሎ የነገረው ሰው ማን እንደ ሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። እዚህ ካለነው ውስጥ ያላደረገ ስንት ነው? መምህሩ ይናገራል፣ ልጁ ይተረጉማል፣ እናት ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን ከኋላ ቆሜ ስሰማ መምህሩ በእንግሊዝኛ «ልጅዎ በዚህ ተርም 19 ቀን ቀርቷል፣ የቤት ሥራም አይሠራም» ይላል። ልጁ ዞሮ ለእናቱ «በጣም ጎበዝ ነው፣ ብቻ አዲስ ጫማ ያስፈልገዋል ነው የሚለው» አላቸው። እናትየው ደስ ብሏቸው መምህሩን አመሰገኑ። መምህሩም ልጁ ሲቀር ደስ የሚላት እናት ምን ዓይነት እናት ናት ብሎ አዘነ። ስቃችኋል፤ እኔም ያኔ ሥቄአለሁ። ነገሩ ግን ያስለቅሳል። 19 ቀን የት ይውል እንደ ነበር ስንጠይቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ ይውል ነበር። ሁለት ልጆች በየቀኑ እየጠበቁ ገንዘቡን ይቀሙታል፤ ያንን ለመሸሽ ነው። ለእናቱ እንዳይናገር «አንተ ወንድ አይደለህም?» መባሉን ፈራ። ለመምህሩ እንዳይናገር ቋንቋው አነሰው።

ልጆቹ ሲቀሙት የሚጠሩት «ምኪምቢዚ» እያሉ ነው። ስደተኛ ማለት ነው፤ ቃሉ የመጣው «መሮጥ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው። ይህ ስም በዚህ ከተማ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግርም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2013 እዚሁ ዌስትላንድስ በዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ ጥቃት ደርሶ 67 ሰዎች ሲሞቱ ሐዘኑ የሁላችንም ነበር። ይሁንና ከዚያ በኋላ ስደተኛ ሁሉ በጥርጣሬ ታየ። በማርች 2014 በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ካምፕ እንዲሄዱ ታዘዘ፤ በኤፕሪል በኢስሊ ቤት ለቤት አሰሳ ሆነ። እኔ ያኔ ካኩማ ነበርኩ። ከናይሮቢ በአውቶቡስ ተጭነው የመጡ ልጆች ክፍሌ ገቡ። ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ የመጡ ነበሩባቸው። ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም ከእኔ የበለጠ ይናገራሉ፤ ነገር ግን አንዲቱ ልጅ አንድ ወር ሙሉ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተማረች። ቦርሳውን አስቀምጪው ብላት «ቲቸር፣ በድንገት ከመጡስ?» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ልጅ በቁጣ ማስተማር አይቻልም። አጠገቡ ተቀምጦ ማቆየት ነው። እኔም ከዚያ ሌላ የማውቀው መድኃኒት አልነበረኝም።

ለዚያ ለሚቀማው ልጅ የተገኘው መፍትሔም ትልቅ ነገር አልነበረም። እናቱና እኔ ሄደን መምህሩን በደንብ አነጋገርነው። መምህሩ ልጁን የእግር ኳስ ቡድን ውስጥ አስገባው። ልጁ ሯጭ ነው። አሁንም «ምኪምቢዚ» ይሉታል፤ የሚሉት ግን ኳስ ይዞ ሲፈተለክ ነው። ስሙ አንድ ነው፣ አጠራሩ ተለወጠ።

እስካሁን ሌላውን ስናገር ቆየሁ። አሁን ደግሞ ስለ እኛው ስለ ራሳችን የማይጥም ነገር ልናገርና ከፈለጋችሁ ተቆጡኝ። ማግለል ከኬንያውያን ብቻ የሚመጣ አይደለም። ማታ የማስጠናቸው ልጆች አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ትግርኛም፣ ሌላም የሚናገሩ ናቸው። አንድ አባት መጥተው «ልጄን ከነእከሌ ልጅ ጋር አታስቀምጪብኝ» አሉኝ። ለምን እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አገር ቤት የሆነውን ሁሉ እዚህ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ያደረገው ይመስል። እኔም «ቤቴ ውስጥ ያለችው ጠረጴዛ አንዲት ናት» አልኳቸው። ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ፤ የወር ክፍያዬም አብሮ ሄደ። አላዘንኩም አልልም፤ የቤት ኪራይ የሚባል ነገር አለ። ነገር ግን ልጆቻችን በክፍል ውስጥ ሦስት ወይም አራት ሆነው ሳሉ እርስ በርስ እንዳይጠጋጉ ካደረግናቸው፣ ሲመቱ የሚያይላቸው ማን ሊኖር ነው?

ሴት ልጆቻችንንም አስቡ። እንጀራ የምትሸጥ እናት ትልቋን ልጅ በየሳምንቱ ሰኞና ማክሰኞ ታስቀራታለች። ችግሩ ይገባኛል፤ አልፈርድም። ቢያንስ ለመምህሯ እውነቱን ንገሩት፤ «ታማ ነው» አትበሉ። እውነቱን ያወቀ መምህር ያለፈውን ትምህርት እንድትገለብጥ ደብተር ያውሳታል።

ደግሞ እባካችሁ ለልጁ እንግሊዝኛ ይጠቅመዋል ብላችሁ ቤት ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አታነጋግሩት። እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት ከእናንተ በተሻለ ይማረዋል። በራሱ ቋንቋ ተረት የሰማ፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ የሌላውንም ቋንቋ ማንበብ ቶሎ ይይዛል። ይህን ከስንት ልጅ አይቻለሁ። ባይሆን ከእናንተ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ ይኑረው። አፉን የሚፈታበት ያጣ ልጅ የደረሰበትን እንዴት ይነግራችኋል?

«እኛ እንግዶች ነን፣ ምን መብት አለን?» የሚል ሐሳብ ደጋግሜ ስለምሰማ ጥቂት ልበል። ኬንያ የ1951ን የስደተኞች ስምምነት የተቀበለችው በ1966 ነው። የስምምነቱ 22ኛ አንቀጽ የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከአገሬው ልጅ እኩል እንዲታይ ያዛል። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ ሆነ። በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት 53ኛው አንቀጽ ነፃና ግዴታ የሆነ መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት መብት ለ«ማንኛውም ልጅ» ሰጥቷል፤ «ማንኛውም ኬንያዊ ልጅ» አላለም። በ2013 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ደግሞ ሁለት የሚጠቅሙን ነገሮች አሉት። አንደኛው ልጅን መግረፍ ክልክል መሆኑ ነው። ስለዚህ መምህሩን በአክብሮት ብላችሁ «ይግረፉልኝ» አትበሉት። ሁለተኛው ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው፤ በየሕዝብ ትምህርት ቤቱ የወላጆች ማኅበር አለ፤ በዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ አባል ነው። አባል ለመሆን ዜግነት አይጠየቅም፤ ልጅ ማስተማር ይበቃል። ስብሰባ ሲጠራ እኛ አንሄድም። ቋንቋ አይገባንም፣ ያፍሩብናል፣ ገንዘብ ይጠይቁናል እንላለን። አንዳንዴም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ አልዋሽም። ነገር ግን ከኋላ ተቀምጣ አንድም ቃል ሳትናገር የሄደች እናት በሚቀጥለው ቀን በሩ ላይ ስትታይ ዘበኛው ያውቃታል፣ መምህሩም ልጇን በስሙ ይጠራዋል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በዚህ ዓመት ከጀመርነው ነገር አንዱ ይህ ነው። ስዋሂሊ ደኅና የሚናገሩ አራት ወጣቶች ለወላጆች ስብሰባ ከእናቶች ጋር አብረው ሊሄዱ ፈቃደኛ ሆነዋል። ክፍያ አይጠይቁም፤ የማታቱ ሒሳብ ግን ከተቻለ ሸፍኑላቸው። በሚመጣው ሐሙስ ከሦስት እናቶች ጋር እኔ ራሴ እሄዳለሁ። አራተኛ ሰው ቦታ አለ።

ከዚህ ስብሰባ በኋላ በዚያ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። የልጆቻችሁን የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ንገሩኝ፤ ወደ ፈረንጁ ለውጬ በወረቀት እጽፍላችኋለሁ። የክርስትና ወረቀት ወይም የክትባት ካርድ የያዘ ይምጣ፤ የሙስሊም ወገኖቻችንም ከሆስፒታል ወይም ከቀበሌ የተሰጣችሁ ማንኛውም ወረቀት ካለ አምጡ። ወረቀት የሌለው የበዓሉን ስም ይንገረኝ፤ በጥምቀት ማግስት ከሆነ፣ በኢድ ሳምንት ከሆነ፣ ከዚያ እንነሣለን። ስደተኛ ወረቀታችሁ ላይ ያለውንም ቀን አብረን እናያለን። ሁለቱ ከተለያዩ ዛሬውኑ ማመልከቻ እንጽፋለን፤ በጃንዋሪ ምዝገባ ሲጀመር መሯሯጥ አይጠቅምም።

ልጁ አይሰማም ወይም አያይም ብሎ የሚጠራጠር ወላጅ ካለ በሰው ፊት መናገር የለበትም። ሲወጣ እጄን ይዞ ወደ ጎን ይሳበኝ።

አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። እዚያ ከኋላ ከተቀመጡት እናት እንጀምር።